ሁለት ጣት ክፍተት፦ ጥንታዊቷ ፖርሽ 911 ስለ ጎማ የምታስተምረን

የመኪናዎን ጎማና ቸርኬ በሰፊ ለመቀየር አስበዋል? ከመክፈልዎ በፊት ጀርመኖች አንዲት ኢንች ለመጨመር ምን ያህል እንደደከሙ ይመልከቱ።

የመኪና ፍቅር ያለበት ሰው ጥንታዊ የስፖርት መኪና ሲያይ ዓይኑ ቀድሞ የሚያርፈው ሞተሩ ላይ አይደለም፤ ሞተሩማ ተከድኗል። ዓይን የሚያርፈው ጎማው ላይና ጎማውን እንደ ቅንድብ በከበበው ፓራፋንጎ ላይ ነው። ጎማው ፓራፋንጎውን ሞልቶት መኪናዋ ዝቅ ብላ ከቆመች «አቋሟ ሲያምር!» እንላለን። በመካከላቸው ሰፊ ክፍተት ከታየ ደግሞ የአባቱን ጫማ ያጠለቀ ልጅ ትመስለናለች።

እኔ የምሠራው ማርኬቲንግ ላይ ነው። ዕቃ በፎቶ አምሮ እንዲታይ ማድረግ የሥራዬ አንድ ክፍል ስለሆነ የመኪና ማስታወቂያ ሳይ ሳላስበው የማስተውለው ነገር አለ። ፎቶው ላይ ያለችው መኪና ብዙውን ጊዜ ባዶ ናት። ኋላ ወንበር ላይ በመስኮት የሚጣሉ ልጆች የሉም፤ ዕቃ መጫኛዋ ውስጥ ከገጠር የመጣ ጤፍና የማር ገንቦ የለም፤ ከፊቷም የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ የለም። ቆማለች፣ አምራለች፣ በቃ። ስትጫን፣ ስትታጠፍና ጉድጓድ ውስጥ ስትገባ ምን እንደምትሆን ፎቶው አይነግረንም። በጎማና በፓራፋንጎ መካከል ያለው ክፍተት ግን የተተወው በትክክል ለዚያ ጊዜ ነው።

ይህን ነገር ፖርሽ 911ን ያህል ግልጽ አድርጎ የሚያሳይ መኪና ማግኘት ይከብዳል። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የቮልስ ዘመድ

ፖርሽ ለብዙዎቻችን ሩቅ ብትሆንም ዘመዷን ግን እናውቃታለን። በአዲስ አበባ መንገዶች ላይ ዛሬም የምትንጎራደደውን ቮልስ ዋገን ቢትል የነደፉት ፈርዲናንድ ፖርሽ ናቸው። የ911ን ቅርጽ ያወጣው ደግሞ የልጅ ልጃቸው ፈርዲናንድ አሌክሳንደር ፖርሽ ነው። ሁለቱን መኪኖች ጎን ለጎን ላቆማቸው ሰው ዝምድናው አይሰወርም፤ የሁለቱም ሞተር ከኋላ ነው፣ በአየር ይቀዘቅዛል፣ የጀርባቸው ቁልቁለትም አንድ ዓይነት ነው።

911 ለሕዝብ የታየችው በመስከረም 1963 በፍራንክፈርት የመኪና ዐውደ ርእይ ነው። ያኔ ስሟ 901 ነበር። የፈረንሳዩ ፔዦ ግን መሃላቸው ላይ ዜሮ ያለባቸው ባለ ሦስት አሐዝ ስሞች የእኔ ናቸው በማለቱ ዜሮው በአንድ ተተካ፤ 911ም ያን ጊዜ ተወለደች።

ይህች መኪና ከሌሎች የስፖርት መኪኖች የምትለይበት አንድ ነገር ለዚህ መጽሔት አንባቢ ልዩ ትርጉም አለው። ከኋላ ሁለት ትንንሽ ወንበሮች አሏት። አዋቂን አያዝናኑም፤ ለልጆች ግን ይበቃሉ። ነዳፊዎቿ ጎማዋን ሲያስቡ ሞተሩ ራሱ በከበደው ጀርባ ላይ ሁለት ልጆችም እንደሚጨመሩ ማሰብ ነበረባቸው።

የመጀመሪያዋ 911 ቸርኬ 15 ኢንች ቁመትና 4.5 ኢንች ወርድ ብቻ ነበረው። የጎማው ስፋት 165 ሚሊ ሜትር ነው፤ ዛሬ ቪትዝን የመሳሰሉ ትንንሽ የቤት መኪኖች ከሚያጠልቁት ጋር የሚቀራረብ። ሞተሩ 130 የፈረስ ጉልበት ነበረውና ቀጭኑ ጎማ ይችለው ነበር። ጉልበቱ ዓመት ከዓመት ሲጨምር ግን ጎማውም መስፋት ግድ ሆነበት። በ1969 ሞዴል «ኤስ» የተባለችው 911 ባለ 6 ኢንች ቸርኬና ባለ 185 ጎማ ይዛ ወጣች። ያኔ የተለወጠው ጎማው ብቻ አልነበረም። የፓራፋንጎው ጠርዝ በትንሹ ወደ ውጭ ገፋ፤ የኋላ ጎማዎቹም 57 ሚሊ ሜትር ወደ ኋላ ሄዱ። ፋብሪካው ጎማውን በነካ ቁጥር አካሉንም መንካት ነበረበት።

የ42 ሚሊ ሜትር ታሪክ

ትልቁ ትምህርት የመጣው በጥቅምት 1972 ነው። ፖርሽ በፓሪስ ዐውደ ርእይ ላይ «ካሬራ አርኤስ 2.7» የተባለችውን 911 አቀረበ። ዓላማው ውድድር ነበር። ለመወዳደር ግን በሕጉ መሠረት 500 መኪኖችን ሠርቶ ለገበያ ማቅረብ ያስፈልግ ነበር። የሽያጭ ክፍሉ ይህን ያህል ገዢ መገኘቱን ተጠራጥሮ ነበር፤ የሙያ ባልደረቦቼ ስለሆኑ አልፈርድባቸውም። 500ዎቹ ከፓሪሱ ትርኢት በኋላ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ተሸጠው አለቁ፤ በመጨረሻም 1,580 ተሠሩ።

አርኤስ 210 የፈረስ ጉልበት ነበራት። ይህ ሁሉ ጉልበት መሬት የሚነካው በሁለቱ የኋላ ጎማዎች በኩል ስለሆነ መሐንዲሶቹ የኋላውን ከፊተኛው ይበልጥ ሰፊ ለማድረግ ወሰኑ። ፊት ባለ 6 ኢንች ቸርኬ ከ185/70 ጎማ ጋር፣ ኋላ ባለ 7 ኢንች ቸርኬ ከ215/60 ጎማ ጋር ገጠሙ። የፊትና የኋላ ጎማዋ የተለያየ ልክ ያላት የመጀመሪያዋ የገበያ 911 እሷ ናት።

አንድ ኢንች 25.4 ሚሊ ሜትር ነው። ይህን ስፋት የት ያስገቡታል? ሁለት አቅጣጫ ብቻ አለ፤ ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ። ወደ ውስጥ ከሄደ ጎማውን የሚይዙት ክንዶችና አሞርዛተሩ አሉ። ወደ ውጭ ከሄደ ፓራፋንጎው አለ።

እዚህ ላይ «ኦፍሴት» የሚባል ነገር ይመጣል። ቸርኬው በብሎን ከመኪናው ጋር የሚገጥምበት ፊት ከቸርኬው ወርድ አጋማሽ ስንት ሚሊ ሜትር እንደራቀ የሚናገር ቁጥር ነው። ብዙውን ጊዜ ቸርኬው ላይ «ኢቲ» ከሚሉት ፊደሎች ቀጥሎ ተቀርጾ ይገኛል። ቁጥሩ ሲያንስ ጎማው ወደ ውጭ ይወጣል፤ ሲበዛ ወደ ውስጥ ይገባል።

የ911 ባለ 6 ኢንች ቸርኬ ኦፍሴቱ 36 ነው። የባለ 7 ኢንቹ ደግሞ 23.3። ልዩነቱ 12.7 ሚሊ ሜትር ሲሆን ይህም በትክክል የኢንች ግማሽ ነው። ሒሳቡን ስንሠራው የቸርኬው የውስጥ ጠርዝ ከነበረበት ቦታ ንቅንቅ እንዳላለ እናገኛለን። የተጨመረው 25.4 ሚሊ ሜትር በሙሉ የወጣው ወደ ውጭ ነው። መሐንዲሶቹ የውስጡን ቦታ ላለመንካት ወስነዋል ማለት ነው። ስለዚህ የውጩን ቆርቆሮ መንካት ነበረባቸው። የአርኤስ የኋላ ፓራፋንጎዎች በእያንዳንዱ ጎን 21፣ በድምሩ 42 ሚሊ ሜትር ሰፉ፤ የመኪናዋም ወርድ ከ1,610 ወደ 1,652 ሚሊ ሜትር አደገ።

አንድ ሌላ ብልሃትም አለ። የጎማው ስፋት ከ185 ወደ 215 ሲያድግ ቁመቱ አላደገም። 185/70 ማለት የጎማው ጎን ከፍታ የ185 ሰባ በመቶ፣ ማለትም 129.5 ሚሊ ሜትር ነው። 215/60 ደግሞ የ215 ስልሳ በመቶ፣ ማለትም 129 ነው። ግማሽ ሚሊ ሜትር ልዩነት! ጎማው ወደ ጎን ወፈረ እንጂ ወደ ላይ አልረዘመም፤ ስለዚህ ከአናቱ ያለው ክፍተት እንደነበረ ቀረ።

ብዙዎች የአርኤስን የሰፋ ዳሌ ለማማር ብቻ የተደረገ ይመስላቸዋል። ውበቱ ግን የመጣው ከፍላጎቱ በኋላ ነው። ጎማው ቦታ ጠየቀ፤ ቦታ ተሰጠው፤ የተሰጠው ቦታ አማረ።

ክፍተቱ ውስጥ ያለው እንቅስቃሴ

የቆመች መኪና ላይ ባዶ ሆኖ የምናየው ክፍተት በጉዞ ላይ ሥራ ይበዛበታል። ጉብታ ሲመታ ጎማው ወደ ላይ ይነሣል። መኪናዋ በፍጥነት ስትታጠፍ አካሏ ወደ አንድ ጎን ይጋደላል፤ በዚያ በኩል ያለው ፓራፋንጎም ወደ ጎማው ይወርዳል። መሪው እስከ ጥግ ሲዞር የፊት ጎማው አንዱ ጠርዝ ወደፊት፣ ሌላው ወደኋላ ሄዶ ቀጥ ብሎ በቆመ ጊዜ የማይደርስበትን ቦታ ይነካካል። ጎማው ራሱም ላስቲክ ነውና ሸክም ሲበዛበት ጎኑ ይወጠራል።

በጥንታዊቷ 911 ጀርባ ደግሞ የራሷ የሆነ ጠባይ አለ። የኋላ ጎማው ወደ ላይ ሲነሣ ቀጥ ብሎ አይወጣም፤ አናቱ ወደ ውስጥ ጋደል ይላል። ስለዚህ ቆማ ስትታይ ፓራፋንጎውን የሚነካ የሚመስል ጎማ ሲነሣ ከሥሩ ሊገባ ይችላል። በተቃራኒው ውጩ ሰፊ ቦታ ያለው የሚመስል ጎማ ውስጡን ሊነካ ይችላል። በጣት የሚለካ ክፍተት ሁሉንም አይናገርም የሚባለው ለዚህ ነው።

የዛሬ ባለቤቶች ፈተና

በአውሮፓና በአሜሪካ ጥንታዊ 911 ያላቸው ሰዎች ከሚከራከሩባቸው ጉዳዮች አንዱ ይኸው ነው። ጠባብ ፓራፋንጎ ያላት የ1960ዎቹ መኪና አለቻቸው፤ ልባቸው ግን የአርኤስን ሰፊ ጎማ ይመኛል። ሰፊውን ቸርኬ ገዝተው በጠባቡ አካል ላይ ይገጥሙታል፤ ከዚያ ጎማው ይነካል፣ ወይም ለመንካት የወረቀት ውፍረት ይቀረዋል።

በዚህ ላይ መኪናዋን ዝቅ የማድረግ ፈተና ይጨመራል። የዚያ ዘመን 911 ክብደቷን የሚሸከመው እንደ ሌሎች መኪኖች የተጠቀለለ ሞላ ሳይሆን ሲጠመዘዝ እንደ ሞላ የሚሠራ የብረት ዘንግ ነው። ዘንጉን በማስተካከል ከፍታዋን መቀነስ ይቻላል። ዝቅ ስትል በእርግጥ ታምራለች። ነገር ግን ዝቅ ያለችው ከየት ነው? ጎማው ሊነሣበት ከተተወው ቦታ ላይ ነው።

ችግሩ ሲመጣ የሚሞከሩት መፍትሔዎች ሦስት ናቸው። አንደኛው የፓራፋንጎውን የውስጥ ጠርዝ አጥፎ መደፍጠጥ ነው። ጥቂት ሚሊ ሜትር ይገኝበታል፤ ቀለሙ ከተሰነጠቀ ግን ውኃ ገብቶ ዝገት ይጀምራል። ሁለተኛው ፓራፋንጎውን ራሱን ማስፋት ነው። ፋብሪካው ያደረገውም ይህንኑ ነው፤ ይሁን እንጂ የጥንታዊ መኪና ዋጋ ያለው እንደተወለደች በመቆየቷ ላይ ስለሆነ አንዴ የተቆረጠ ላሜራ ባለቤቱን ሊያስቆጭ ይችላል። ሦስተኛው ትሑት መፍትሔ ነው፤ ለአካሏ የሚስማማውን ልክ ማጥለቅ። ልምድ ያላቸው ባለቤቶች ብዙ ጊዜ የሚመለሱት ወደዚህ ነው።

ከእኛ ቤት ጋር ምን አገናኘው?

እኛ የምንነዳው 911 አይደለም። ኮሮላ፣ ቪትዝ ወይም ያሪስ ነው፤ የሚያምር ቸርኬ ግን እኛም ጋ ዓይን ይስባል። አንዳንዱ ለማማር ሰፊ ጎማ ያስገጥማል። ሌላው መንገዱ አስቸግሮት መኪናው ከፍ እንዲልለት ትልቅ ጎማ ይፈልጋል። የሁለቱም ሒሳብ ከፖርሽ ሒሳብ ጋር አንድ ነው።

ምሳሌ እንውሰድ። መኪናዎ 185/65 ባለ 15 ኢንች ጎማ ይጠቀማል እንበል። ጎሚስታው «195/65 አለ፣ ያው ነው» ቢልዎት ያው አይደለም። የጎማው ጎን ከፍታ ከ120.25 ወደ 126.75 ሚሊ ሜትር ያድጋል። በአናቱ በኩል 6.5 ሚሊ ሜትር ክፍተት ጠፋ ማለት ነው። አጠቃላይ ቁመቱ 13 ሚሊ ሜትር ስለሚጨምር የፍጥነት መለኪያው 100 ሲያሳይዎት በእውነቱ ወደ 102 እየነዱ ነው። በአንጻሩ 195/60 ቢሆን ቁመቱ ከቀድሞው በ6.5 ሚሊ ሜትር ብቻ ያንሳል፤ ወደ ዋናው ልክ የቀረበው እሱ ነው። አርኤስን የሠሩት መሐንዲሶችም ስፋቱን ሲጨምሩ ሁለተኛውን ቁጥር የቀነሱት ለዚህ ነው።

የአክስቴ ልጅ መኪናውን በሰፊ ቸርኬና ጎማ ባስለወጠ ጊዜ ሰፈሩን ሁለት ዙር ብቻውን ነዳው፤ ምንም አልነካም። በሳምንቱ ባለቤቱን፣ ሁለት ልጆቹንና እናቱን ይዞ፣ ኋላውን በሻንጣ ሞልቶ ወደ ሐዋሳ ወጣ። በየጉብታው ከኋላ አንድ ነገር ይጮህ ጀመር። የላስቲክ ሽታ ሲመጣ «የሌላ መኪና ነው» አለ። ሞጆ ላይ ወርዶ ሲያየው የኋላ ጎማው ጎን በቢላ የተላጠ ይመስል ነበር፤ ከላስቲኩ ሥር ያለው ክር ሊታይ ትንሽ ነው የቀረው። ጉዞው እዚያው አበቃ። አክስቴ እስከ ዛሬ «እግዜር ሽታውን ባይልክልን» ይላሉ።

ይህን ከቀላል ነገር የማይቆጠር የሚያደርገው የጎማው ጎን ከጎማው ሁሉ ስስ ክፍል መሆኑ ነው። መሬት የሚረግጠው ክፍል ወፍራም ነው፣ ሚስማር ቢገባበትም ይለጠፋል። ጎኑ ከተበላ ግን አይጠገንም፤ በፍጥነት ላይ ከሄደ ድንገት ሊፈነዳ ይችላል። በውስጥ በኩል ደግሞ የፍሬን ዘይት የሚያስተላልፈው ጎማ ቱቦ አለ። እሱን የሚልጥ ጎማ የሚያስከትለውን ማሰብ አያዳግትም።

ከመክፈልዎ በፊት

እነዚህ ነገሮች ከግማሽ ቀን በላይ አይወስዱም።

1. ዋናውን ልክ ይወቁ። በሹፌሩ በር ማቀፊያ ላይ በተለጠፈው ወረቀት ወይም በመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ላይ ይገኛል። ያገለገለ መኪና ከገዙ አሁን ያጠለቀው ጎማ ዋናው ልክ ነው ብለው አይገምቱ።

2. ስለ አዲሱ ቸርኬ የብሎኑን ብዛትና ርቀት ብቻ ሳይሆን ወርዱን፣ ኦፍሴቱንና የመሃል ቀዳዳውን ስፋት ይጠይቁ። «ይገጥማል» ማለት በብሎን ይታሰራል ማለት ብቻ ሊሆን ይችላል።

3. አራቱንም ከመክፈልዎ በፊት አንድ የፊትና አንድ የኋላ ብቻ አስገጥመው ይሞክሩ። መሪውን እስከ ሁለቱም ጥግ ያዙሩ። በባትሪ ብርሃን የውጩን ብቻ ሳይሆን የውስጡንም ይመልከቱ።

4. መኪናውን ይጫኑት። ቤተሰቡን አስገብተው፣ ለጉዞ የሚይዙትን ያህል ዕቃ ጭነው ቀስ ብለው ጉብታ ላይ ይውጡ፣ ወደ ግቢም ጠመዝማዛ አድርገው ይግቡ። ባዶ መኪና ላይ የተደረገ ሙከራ ግማሽ ሙከራ ነው።

5. የልጆችዎን መጫወቻ ፕላስቲሲን ይዋሱ። ከፓራፋንጎው የውስጥ ጠርዝ ላይ በጣት ውፍረት ለጥፈው አንድ ዙር ይንዱ። ሲመለሱ ጎማው ከነካው ምልክቱ ይታተምበታል፤ ምን ያህል እንደተረፈም ከቀረው ውፍረት ያነቡታል። የጥንታዊ መኪና ባለቤቶችም የሚጠቀሙበት ዘዴ ነው፤ ልጆቹም ይወዱታል።

6. ጎማውን ወደ ውጭ ለመግፋት በመሃል የሚገባ ስፔሰር ከቀረበልዎ ያስቡበት። የብረቱ ውፍረት በጨመረ መጠን ዳዶው የሚይዘው የብሎን ጥርስ ያንሳል። ረዘም ያለ ብሎን ሳይቀየር ወፍራም ስፔሰር ማስገባት ጎማው እንዲወልቅ መጋበዝ ነው። ኩሽኔታውም ላይ ጫና ይጨምራል።

7. ቸርኬ በተቀየረ ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከነዱ በኋላ ዳዶዎቹን እንደገና ያስጠብቁ።

አስቀድሞ በሰፊ ጎማ የሚነዱ ከሆነም ዛሬ ማታ መኪናውን ሲያቆሙ እጅዎን በጎማው ጎን ላይ ዙሪያውን ያሳልፉ። የሚያበራ የተላጠ መስመር፣ ከፓራፋንጎው ውስጥ የተነሣ ቀለም፣ ወይም ስትጫን ብቻ የሚሰማ ድምፅ ካለ ነገ ጠዋት ጎሚስታው ጋ የሚያደርስ ምክንያት አግኝተዋል። ቸርኬው ውድ ቢሆንም የልጆቹ ወንበር ያለው ከሱ በላይ ነው።